«በሚመችዎ ሰዓት» የሚለው ቃል እስከ የት ድረስ ይሠራል?

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምኖር የ44 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በነርስ ረዳትነት በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት እሠራለሁ። አገር ቤት ሳለሁ በሶሲዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ። በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በሥራ ቦታ ሰው ሐዘኑንና የትዳሩን ችግር የሚያወያየው እኔን ነው፤ በሙያ ላግዛቸው ስለምፈልግ ካውንስሊንግ (የምክር አገልግሎት) ለመማር ወስኛለሁ። ከአንድ ኮሌጅ «በሚመችዎ ሰዓት፣ በሚመችዎ ፍጥነት፣ ከቤትዎ ሳይወጡ» የሚል ማስታወቂያ ደርሶኛል። ባለቤቴ ግን «በኦንላይን የተማረን ሰው ማን ይቀጥረዋል?» ይለኛል። ሥራዬን ሳልለቅ መጨረስ እችላለሁ? የማታ፣ የቅዳሜና እሁድ ወይስ የኦንላይን ትምህርት ይሻለኛል? ዕድሜዬስ አላለፈም?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣

የመጨረሻው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ስለሆነ እሱን ላስቀድም። ዕድሜዎ አላለፈም። እኔ ራሴ ይህን ትምህርት የጀመርኩት በ41 ዓመቴ፣ በአንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት እየሠራሁ ነበር፤ በክፍላችንም ልጅ አሳድጎ፣ ወላጅ ቀብሮ፣ ሥራ ቀይሮ የመጣው ተማሪ ከኮሌጅ በቀጥታ ከመጣው ይበዛ ነበር። በዚህ ሙያ የኖሩት ኑሮ ስንቅ ይሆንልዎታል።

ከበድ የሚለው ስለ ሰዓት ያነሡት ጥያቄ ነው። «በሚመችዎ ሰዓት» የሚለው የማስታወቂያ ቃል ሐሰት አይደለም፤ እውነት የሚሆነው ግን ለክፍል ትምህርቱ ብቻ ነው። ትምህርቱ ወደ ተግባር ልምምድ የተሻገረ ዕለት ሰዓቱን የሚወስኑት ልምምድ የሚያደርጉበት ተቋም፣ የሚከታተልዎ ሱፐርቫይዘርና እርዳታ ፈልገው የሚመጡት ተገልጋዮች ይሆናሉ። ስለዚህ ኮሌጅ ከመምረጥዎ በፊት የማይነቃነቀው ክፍል የቱ እንደሆነ ጠይቀው ይረዱ፤ የሚመቸውን ክፍል ማስታወቂያው ራሱ ይነግርዎታል።

ይህን አጥብቄ የማነሣው እኛ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ግንዛቤ ስላለ ነው። የማታ ተማሪ ከሥራ መልስ ክፍል ገብቶ፣ ተምሮና ተፈትኖ ዲግሪውን ይወስዳል፤ የክረምት ተማሪ የሆነ መምህር ሐምሌንና ነሐሴን ሰጥቶ ያልፋል፤ የርቀት ተማሪም ሞጁሉን በቤቱ አንብቦ ለፈተና ብቻ ይቀርባል። በሦስቱም መንገድ ዋናው ነገር የትምህርቱን ሰዓት ከሥራ ሰዓት ጋር ማጣጣም ነው። በአሜሪካ የምክር አገልግሎት ትምህርት ግን ክፍል ውስጥ የሚያልቅ አይደለም፤ ከሰው ፊት ተቀምጠው የሚቆጥሩት ሰዓት አለው፤ ያ ሰዓት ሳይሞላም ዲግሪው አይሰጥም።

ቁጥሩን ላስቀምጥልዎ። ካክሬፕ የሚባለው፣ የካውንስሊንግ ፕሮግራሞችን የሚመዝነው አካል በሚያወጣው መለኪያ መሠረት በክሊኒካል የአእምሮ ጤና ምክር ዘርፍ የሚሰጥ ማስተርስ ቢያንስ 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ኮርስ ሦስት ክሬዲት ከሆነ 20 ኮርስ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ፕራክቲከም በሚባለው የመጀመሪያ ልምምድ 100 ሰዓት፣ ቀጥሎ በሚመጣው ኢንተርንሺፕ ደግሞ 600 ሰዓት ይጠየቃል። ከመቶው 40፣ ከስድስት መቶው 240 ሰዓት ከተገልጋይ ጋር በቀጥታ የተሠራ መሆን አለበት፤ የቀረው ማስታወሻ መጻፍን፣ ስብሰባን፣ ዝግጅትንና በሱፐርቫይዘር መታየትን ይጨምራል። በእነዚህ ወራት በየሳምንቱ በአማካይ አንድ ሰዓት ከሱፐርቫይዘር ጋር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ደግሞ በቡድን መገናኘት ግዴታ ነው።

አሁን ይህን በእርስዎ ሳምንት ላይ እናስቀምጠው። ሦስት ሌሊት አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሠሩ 36 ሰዓት ይሆናል። አንድ ክሬዲት በሳምንት የአንድ ሰዓት ክፍልና የሁለት ሰዓት ያህል የቤት ሥራ ተብሎ ስለሚሰላ፣ በአንድ ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ቢወስዱ 18 ሰዓት ይጨመራል። ይህ ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል፤ በዓመት ሦስት ሴሚስተር፣ ክረምቱንም ጨምረው ከተማሩ የክፍል ኮርሶቹን በሦስት ዓመት ገደማ ያጠናቅቃሉ። የክረምቱ ሴሚስተር አጭር ስለሆነ ያው የአሥራ አምስት ሳምንት ሥራ በስምንት ወይም በአሥር ሳምንት ተጠቅልሎ እንደሚመጣ ይወቁና በዚያ ወቅት አንድ ኮርስ ብቻ ቢወስዱ አይፈረድብዎትም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 600ውን ሰዓት በሁለት መደበኛ ሴሚስተር፣ ማለትም በ30 ሳምንት ለመጨረስ በሳምንት 20 ሰዓት ያስፈልጋል፤ በሦስት ሴሚስተር፣ በ40 ሳምንት ገደማ ቢያደርጉት ግን በሳምንት ወደ 15 ሰዓት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ኮሌጁን ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች አንዱ «ኢንተርንሺፑን በሦስት ሴሚስተር ከፍዬ መሥራት ይፈቀድልኛል?» የሚለው ይሁን። አንዳንዱ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም፤ ለእርስዎ ደግሞ መላው ዕቅድ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገባሁ። ስሙን የማልጠራው ኮሌጅ በመግቢያው ገለጻ ላይ «የልምምድ ቦታ በማግኘት እናግዝዎታለን» ብሎኝ ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ያገዘኝ በአንድ ገጽ የተጻፉ የክሊኒኮች ስልክ ቁጥሮችን በመስጠት ነው። አብዛኞቹ ክሊኒኮች ተለማማጅ የሚቀበሉት በቀን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነበር፤ እኔ ደግሞ በቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተቀምጬ አሳለፍኩ። ያንን ወቅት ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ጥፋቱ የእኔም ጭምር ስለሆነ አንባቢ ሁሉ ከእኔ እንዲማር እፈልጋለሁ። በኋላ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚሠራና ቅዳሜም የሚከፈት ክሊኒክ አገኘሁ። የሰዓት መዝገቤ አሁንም አለኝ፤ በየሳምንቱ ሱፐርቫይዘሬ የምትፈርምበት፣ ቀጥታ አገልግሎት፣ ሌላ ሥራና ክትትል የሚሉ ሦስት ዓምዶች ያሉት ተራ ወረቀት ነው። በረዶ በጣለበት አንድ ሳምንት ሦስት ተገልጋዮች ቀርተው ቁጭ ብዬ ጠብቄአቸዋለሁ፤ በቀጥታ አገልግሎት ዓምድ ላይ የተጻፈው ግን ዜሮ ነው፤ ሰው ሳይመጣ የጠበቁበት ሰዓት በዚያ ዓምድ አይቆጠርምና። ስለዚህ ሰዓቱን ሲያሰሉ የሚቀር ሰው እንዳለ አስበው ትርፍ ሳምንታት ያስቀምጡ።

የእርስዎ የሌሊት ሥራ በዚህ ረገድ ከእኔ የቀን ሥራ ይልቅ የተሻለ ዕድል ይሰጥዎታል። ሆስፒታልዎ የሚፈቅድ ከሆነ ሦስቱን ሌሊት ወደ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ቢያዛውሩት ሰኞን ተኝተው፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አምስት አምስት ሰዓት ለልምምድ ማዋል ይችላሉ፤ ያ ነው አሥራ አምስቱ ሰዓት። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ እሁድ ጠዋት ከሺፍት ወጥተው ቅዳሴ መቆም ወይ መተኛት የሚመርጡባቸው ብዙ እሁዶች ይመጣሉ፤ ልጆችዎም ቅዳሜን ያለ እርስዎ ይለምዳሉ። ይህን ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ እንደሚሸከሙት ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር ቁጭ ብለው አስቀድመው ይነጋገሩበት። ሺፍቱ በዚህ መልክ ከተዛወረ የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ለእርስዎ እንደማይሆን ልብ ይበሉ።

ስለ ዘርፍ ምርጫም አንድ ነገር ልጨምር። የትምህርት ቤት ካውንስለርነት ማራኪ ሊመስልዎ ይችላል፤ አስተምረዋል፣ ልጆችም ይወዳሉ ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን የዚያ ዘርፍ ኢንተርንሺፕ የሚሠራው በትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት የቀን ሰዓት ነው፤ የክፍሉ ትምህርት የቱንም ያህል በማታና በኦንላይን ቢሰጥ ይህ አይለወጥም። ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ በቀጥታ ትምህርት ቤት መግባት ደግሞ ለእርስዎም ለልጆቹም አይበጅም። በቨርጂኒያ የትምህርት ቤት ካውንስለር ፈቃድ የሚሰጠው በትምህርት ቢሮው በኩል ስለሆነ መንገዱም የተለየ ነው። ለእርስዎ ሕይወት የሚስማማው የክሊኒካል ዘርፉ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ ወይስ ኦንላይን ወደሚለው ልምጣ። ኦንላይን የሚለው ቃል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው መምህሩና ተማሪዎቹ በተወሰነ ምሽት፣ በተወሰነ ሰዓት በካሜራ ፊት ለፊት ተገናኝተው የሚማሩበት ነው። ሌላው የተቀዳ ትምህርት ባሻዎት ሰዓት ከፍተው አይተው፣ ጽሑፍ አስገብተው የሚሄዱበት ነው። ማስታወቂያው «በሚመችዎ ሰዓት» ያለው ይህን ሁለተኛውን ይመስለኛል። የሥነ ምግባር ሕግ፣ የምርምር ዘዴ፣ የሰው ልጅ ዕድገትን የመሳሰሉ ኮርሶችን በሁለተኛው መንገድ ቢወስዷቸው ችግር የለውም፤ ሌሊት በሥራ እረፍት ላይ ሊያነቧቸውም ይችላሉ። የምክር አሰጣጥ ክህሎትን ግን እንዲህ አይማሩትም። ሦስት ሦስት ሆነን አንዳችን አማካሪ፣ አንዳችን ተገልጋይ፣ አንዳችን ታዛቢ እየሆንን ስንለማመድ፣ እኔ የሰው ዝምታ ሲያስጨንቀኝ ቶሎ ብዬ ምክር እንደምወረውር ያሳየችኝ የክፍል ጓደኛዬ ናት። በቤተ ክርስቲያን ሰው ሲያወያየን የለመድነው ማጽናናትና ማስታረቅ ነው፤ እዚህ መጀመሪያ የምንማረው ደግሞ ዝም ብሎ መስማትን ነው፤ ያንን ቪዲዮ በማየት መልመድ ከባድ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ የምመርጥልዎት በሥራ ቀናት ምሽት በቀጥታ የሚሰጥ ኦንላይን፣ ወይም ከፊሉ በክፍል ከፊሉ በኦንላይን የሆነ ፕሮግራም ነው።

ኦንላይን የተባለው ሁሉ «ከቤትዎ ሳይወጡ» የሚያልቅ እንዳልሆነም ይወቁ። ለምሳሌ ሊንችበርግ ያለው ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ የካውንስሊንግ ማስተርሱን በኦንላይን ሲሰጥ ለአንዳንድ ኮርሶች ግን ለተወሰኑ ቀናት ወደ ግቢው መምጣትን ይጠይቃል፤ ከአሌክሳንድሪያ የብዙ ሰዓት መንገድ ነው። በአጠገብዎ ደግሞ አርሊንግተን ውስጥ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁለቱን የጠቀስኩት ለማነጻጸሪያ ነው፤ የየትኛውንም ኮሌጅ የዚህ ዓመት መርሐ ግብር ከራሱ ከኮሌጁ ያረጋግጡ። በግቢ የሚያሳልፏቸው ቀናት ካሉ ስንት ቀን፣ በየትኛው ወር፣ ማደሪያውስ በማን ወጪ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሆስፒታል ፈቃድ ወራት ቀድሞ የሚጠየቅ ነውና።

የባለቤትዎ ስጋት አግባብ ያለው ነው፤ ነገር ግን ቦታውን ስቷል። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የቨርጂኒያ የካውንስሊንግ ቦርድ የሚያየው የፕሮግራሙን ይዘት፣ ክሬዲቱንና የልምምዱን ሰዓት ነው፤ ካክሬፕም በክፍልም ሆነ በኦንላይን የሚሰጡ ፕሮግራሞችን የሚመዝነው በአንድ መለኪያ ነው። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1976 ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ የካውንስለርነት ፈቃድ ሕግ ያወጣች ግዛት ስትሆን፣ ዛሬም መንገዷ ረጅም ነው፤ ከማስተርሱ በኋላ ሬዚደንት ሆነው 3,400 ሰዓት በክትትል ሥር መሥራት ይጠበቅብዎታል፤ ከዚህ ውስጥ 2,000ው ከተገልጋይ ጋር የሚሠራ፣ 200ው የሱፐርቪዥን ሰዓት ነው። ከዚያ ፈተና አለ። የሚያጽናናው ይህ የሬዚደንትነት ዘመን ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሊሆን መቻሉ ነው፤ ኢንተርንሺፑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ነው። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ወንዝ ተሻግረው መሥራት የሚያስቡ ከሆነ የሦስቱንም አሁኑኑ ያንብቡ። ኮሌጁንም «ይህ ፕሮግራም በቨርጂኒያ ለፈቃድ የሚጠየቀውን የትምህርት መስፈርት ያሟላል?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በጽሑፍ አልሰጥም ካለ ይተዉት።

በማኅበረሰባችን መካከል በጥቂት ቅዳሜዎች የሚያልቁ የምክር አገልግሎት ሰርተፊኬቶች በብዛት ይሰጣሉ። ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚጠቅሙ አሉ፤ ንቀትም የለኝም። ነገር ግን የግዛቱን የሙያ ፈቃድ አያስገኙም፤ ይህን ሳያውቁ ብዙ ገንዘብ ከፍለው ያዘኑ እኅቶችን አግኝቻለሁ።

ልምምዱን የት ማድረግ እንዳለብዎ ከአሁኑ ማሰብ ይጀምሩ። አማርኛዎ ሀብት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ በአማርኛ የሚያገለግል ባለሙያ የሚፈልጉ ክሊኒኮችም አሉ። ይሁን እንጂ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፤ በልምምድ ወቅት ሱፐርቫይዘር የተለማማጁን ሥራ በቀጥታ ወይም በቅጂ ማየት አለበት፤ አማርኛ የማይሰማ ሱፐርቫይዘር ደግሞ የእርስዎን ቅጂ ሊመዝን አይችልም። ስለዚህ ቢያንስ ከፊሉን ተገልጋይ በእንግሊዝኛ የሚያዩበት ቦታ ይፈልጉ። ልምምዱን በራስዎ ቤተ ክርስቲያን አካባቢም አያድርጉት። ዛሬ የሚያወያዩዎት ወዳጆችዎ ናቸው፤ የሙያው ሥነ ምግባር ደግሞ ወዳጅንና ዘመድን ተገልጋይ ከማድረግ እንድንጠበቅ ያስገድደናል። ቅዳሜ ልደት ላይ እንጀራ አብራችሁ የቆረሳችሁት ሰው ሰኞ ቢሮዎ ገብቶ ሙሉ እውነቱን ሊነግርዎ ይቸግረዋል። አሥር ማይል ራቅ ያለ ክሊኒክ ለእርስዎም ለእነርሱም ይሻላል።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ፤ ዜጋ ከሆኑ ወይም ግሪን ካርድ ካለዎት ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ሞልተው የፌዴራል ብድር መጠየቅ ይችላሉ፤ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ ግን ለዚህ ማስተርስ አይሰጥም። ብድሩን ለማግኘት ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ መሆን ግድ ነው፤ በአንድ ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ መውሰድ በአብዛኞቹ ኮሌጆች ከዚያ በታች ስለሚሆን «ቀስ ብዬ አንድ አንድ ኮርስ ልውሰድ» ብለው ከመወሰንዎ በፊት ይህን ያስቡበት። ከብድር በፊት ግን የሆስፒታልዎን የሰው ኃይል ክፍል ያነጋግሩ። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ ሊከፍል እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ይህን ያደርጋሉ። ሥራዎን ሳይለቁ የሚማሩበት አንዱ ጥሩ ምክንያት ይኸው ነው።

የሶሲዮሎጂ ዲግሪዎ ለመግባት ያገለግልዎታል፤ ምናልባት የሥነ ልቦና መግቢያ ወይም የስታትስቲክስ ኮርስ ጨምረው እንዲወስዱ ይጠይቁዎት ይሆናል። ትራንስክሪፕትዎ ግን ደብልዩ ኢ ኤስን በመሰለ ገምጋሚ ድርጅት መታየት አለበት፤ ለዚህም ሰነዱ ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ይጠየቃል። አገር ቤት ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ ተሰልፎ የሚጨርስልዎ ሰው ያስፈልግዎታል፤ ያ ሰው ደግሞ ውክልና ይጠየቃል፤ ውክልናውን በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል መላክ ይችላሉ። ወራት የሚወስደው ይህ ስለሆነ የኮሌጅ ምርጫዎን እስኪወስኑ አይጠብቁ፤ ውክልናውን በዚህ ሳምንት ይጀምሩት።